ዶሜይን ከማን ልግዛ? አንዱ 1 ዶላር ይላል፣ አንዱ 15

ሐይቅ ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአጭሩ ልጠይቅ ብዬ ነበር የጀመርኩት፣ ግን ረዘመብኝ፣ ታገሱኝ።

አጎቴ ሐይቅ ከተማ ላይ ፔንሲዮን አለው። ትልቅ ነገር አይደለም፣ ግን ንጹሕ ነው። ከበረንዳው ሐይቁ ይታያል፣ ዓሣ እዚያው ይጠበሳል። እስጢፋኖስ ገዳምን ሊያይ የመጣ፣ ከደሴ ለቅዳሜና እሑድ የወጣ፣ ወደ ላሊበላ የሚያልፍ ሰው ያርፍበታል። እስካሁን በስልክና በፌስቡክ ነበር የሚሠራው። አሁን ድረ ገጽ ይኑረው ተባለና፣ እኔ ደሴ ስለምኖርና ቤተሰቡ ውስጥ ኮምፒውተር የምትነካው እኔ ስለሆንኩ ነገሩ እኔው ላይ ወደቀ።

ፒያሳ አካባቢ ድረ ገጽ የሚሠራ ልጅ አነጋገርኩ። ዶሜይኑን (የድረ ገጹን ስምና አድራሻ)፣ ሆስቲንጉን (ገጹ የሚቀመጥበትን ቦታ ኪራይ)፣ ሥራውን ጠቅልሎ አንድ ዋጋ ነገረኝ። ዶሜይኑ ብቻውን ስንት ነው ስለው "እሱ አያሳስብሽ፣ በእኔ አካውንት ነው የሚሆነው" አለኝ። አነጋገሩ ሸጋ ነው፣ ልጁም ጨዋ ይመስላል፣ ግን ይቺ ነገር ከነከነችኝ።

ራሴ ልግዛው ብዬ ኢንተርኔት ላይ ስገባ ደግሞ ባሰብኝ። አንዱ ዶት ኮም በ1 ዶላር ከምናምን ይላል። አንዱ 10 ዶላር ከ46 ሳንቲም። አንዱ 15። አንዱ ደግሞ ዶት ኮሙን ተዪው፣ ዶት ኦንላይን ውሰጂ፣ በ99 ሳንቲም ይላል። ስሙ ያው አንድ ስም አይደል እንዴ? ልዩነቱ ከየት መጣ?

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ከማን ብገዛ ይሻላል? የሚታመነውስ የትኛው ነው? ከደሴ ሆኜስ በምን ልክፈል? የአገራችን ዶት ኢቲ ይሻላል የሚሉም አሉ። አጎቴ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "የማይጠፋ ይሁን"።

ቦርከና፦

እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። ኮምቦልቻ ሆኜ የጥቂት ድርጅቶችን ዶሜይን ለዓመታት ስለያዝኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

ዕቃው ከየት እንደሚመጣ ካወቅሽ ዋጋው ግራ አያጋባሽም። የዶት ኮምን መዝገብ የያዘው አንድ ድርጅት ነው፣ ቬሪሳይን ይባላል፣ አሜሪካ ነው ያለው። ከእሱ በቀጥታ አይገዛም። የምትገዢው ከቸርቻሪው ነው። ሬጂስትራር የሚባሉት ቸርቻሪዎቹ ናቸው፣ ፈቃድ የሚሰጣቸው ደግሞ የዓለምን የዶሜይን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን ነው። ቬሪሳይን ለሁሉም ቸርቻሪ የሚሸጥበት ዋጋ አንድ ነው፦ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በዓመት 10 ዶላር ከ26 ሳንቲም። እስከ 2021 ድረስ 7 ከ85 ነበር። በዚህ ላይ አይካን ወደ 20 ሳንቲም ይወስዳል። እንግዲህ ከ10 ዶላር ከ46 ሳንቲም በታች ዶት ኮም የሚሸጥልሽ ሁሉ ከኪሱ እየጨመረ ነው የሚሸጥልሽ። ለጽድቅ ብሎ እንዳይመስልሽ። በሁለተኛው ዓመት ሊያካክስብሽ ነው።

ያቺን የ1 ዶላር ገጽ ተመልሰሽ እዪያት። ከዋጋው ሥር በደቃቅ ፊደል በስንት ዶላር እንደሚታደስ ተጽፏል። 18 ወይም 20፣ አንዳንዱ ጋ ከዚያም በላይ ታገኛለሽ። እስቲ የአምስት ዓመቱን ደምሪው፦ 1 ዶላር ገብተሽ ከዚያ በየዓመቱ 20 ብትከፍዪ 81 ዶላር ይመጣል። ያ 10 ከ46 ያልሽው ዋጋው ባለበት ቢቀጥል አምስት ዓመቱ 52 ከ30 ነው። ርካሹ የትኛው እንደሆነ አሁን ራስሽ ፍረጂ።

10 ከ46 ያየሽው ክላውድፍሌር የሚባል ሬጂስትራር ጋ ይመስለኛል። እነሱ ትርፍ ሳይጨምሩ በመግዣው ዋጋ ይሸጣሉ፣ ሲታደስም ያው ነው። አንድ ገደብ ግን አለባቸው፣ ኔምሰርቨሩ፣ ማለትም ስሙን ወደ ገጹ የሚመራው ሰርቨር፣ የእነሱው መሆን አለበት፣ ወደ ሌላ መቀየር አይቻልም። ፖርክበን ከእነሱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ኔምሰርቨር ግን እንደፈለግሽ ትቀይሪያለሽ። ኔምቺፕ ሲታደስ ከሁለቱም ይወደዳል፣ ሆኖም ሰፊና ለጀማሪ የሚቀል ነው። ሦስቱም ስምሽንና ስልክሽን ከሕዝብ የሚሸሽገውን አገልግሎት በነፃ ይሰጣሉ። ለዚያ ለብቻው የሚያስከፍል ቤት ካጋጠመሽ እለፊው። ዋጋ ይቀያየራል፣ ከመክፈልሽ በፊት ማደሻውን በዓይንሽ እዪ።

ዶት ኦንላይን፣ ዶት ሳይት፣ ዶት ስቶር የሚባሉትን ለፔንሲዮን አልመክርም። አንደኛ ዓመት በሳንቲም ያስገቡሻል፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ 25፣ 30 ዶላር ይመጣል። ደግሞም ለዶት ኮም በውል የታሰረ ጣሪያ አለው። ቬሪሳይን ከስድስት ዓመት ውስጥ መጨመር የሚችለው በአራቱ ብቻ ነው፣ ያውም በዓመት ከ7 በመቶ አይበልጥም። ለአዳዲሶቹ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም። ባለቤቱ ነገ እጥፍ ላድርገው ቢል ቀድሞ ማሳወቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ጦሳ፦

ጋሼ ቦርከና እንደ ሁልጊዜው አስተማሩን። ግን ትንሽ አልተካበደም? ለአንድ ፔንሲዮን እኮ ነው። በ1 ዶላር ትግዛ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ወደ ርካሹ ታዛውረው። እኔ ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው፣ አንድም ቀን ሙሉ ማደሻ ከፍዬ አላውቅም።

ቦርከና፦

ጦሳ ልክ ነህ፣ ይቻላል። የምትዘዋወርበትን ቀን የማትረሳ ሰው ከሆንክ እሰየው። ለአጎቷ ግን "የማይጠፋ ይሁን" ነው የተባለው። በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ዶሜይን አንድ ቀን መንገድ ላይ ይቀራል። ሆቴል ያለው ሰው ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እንግዳ እየተቀበለ ኢሜል የሚያይበት ጊዜ የለውም።

ሮሃ፦

እህቴ፣ ስለ ዋጋው ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ የማወራሽ ስለዚያ "በእኔ አካውንት" ስላለሽ ልጅ ነው።

ላሊበላ ነው የምኖረው። የቅርብ ዘመዴ እዚህ አነስተኛ የአስጎብኚ ድርጅት አለው። ድረ ገጹን የሠራለት ሰው ዶሜይኑን በራሱ አካውንት፣ በራሱ ኢሜል ገዛለት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ወላሂ ጥሩ ሰው ነው፣ በየዓመቱም ያድስለት ነበር። ከዚያ ዓረብ አገር ሄደ። ስልኩ ተቀየረ። ዶሜይኑ የሚያልቅበት ቀን ታኅሣሥ ላይ ነበር፣ ገና ሊደርስ ሲል፣ ይኼ ሁሉ ፈረንጅ በሚጽፍበት ሰሞን። አንድ ጠዋት ገጹ ሲከፈት ማስታወቂያ ብቻ ሆነ። የድርጅቱ ኢሜል ራሱ በዚያው ዶሜይን ስለነበር እሱም አብሮ ሞተ። ዋጋ ጠይቆ መልስ የሚጠብቀው እንግዳ የጻፈው ተመልሶበት ሌላ ጋ ሄደ።

ዘመዴ ለሬጂስትራሩ ጻፈ። ንግድ ፈቃዱን ላከ፣ የድርጅቱን ማኅተም ላከ። የተመለሰለት መልስ አካውንቱ የእርስዎ አይደለም፣ ባለአካውንቱ ይጻፍልን የሚል ነው። በእነሱ በኩል ካየነው ትክክል ናቸው፣ ማኅተም ያሳየ ሁሉ ዶሜይን ይውሰድ ቢሉ ዓለም ትበጠበጣለች። ሰውየውን አፈላልገን እስክናገኘው ስሙን ሌላ ወሰደው። ዛሬ ብትከፍቺው የቁማር ማስታወቂያ ነው።

ስለዚህ የትኛውም ቤት ግዢ፣ ፖርክበንም ይሁን ጎዳዲ፣ አካውንቱ የእናንተ ይሁን። የተመዝጋቢ ስም የሚለው ላይ አጎትሽ ወይም የፔንሲዮኑ ስም ይግባ። ልጁ ሥራውን ይሥራ፣ ለሥራው የሚያስፈልገው ኔምሰርቨር መቀየር ወይም ዲኤንኤስ (ዶሜይኑ ወዴት እንደሚመራ የሚጻፍበት መዝገብ) ላይ አንድ ሁለት መስመር ማስገባት ነው፣ እሱን አንቺው ከፍተሽ ታስገቢለታለሽ። ፓስወርድ አያስፈልገውም። ጨዋ ልጅ ከሆነ ይኼን ስትዪው ቅር አይለውም፣ እንዲያውም ከጣጣ ይገላገላል።

የአካውንቱ ኢሜል ደግሞ ጂሜል ወይም ሌላ ይሁን እንጂ በዚያው በምትገዢው ዶሜይን እንዳይሆን። ዶሜይኑ ሲያልቅ ማስጠንቀቂያው የሚላከው ወደሞተው ሳጥን ነው የሚሆነው።

አንድ ሌላም አለ። በገዛሽ ሰሞን "ኢሜልሽን አረጋግጪ" የሚል ደብዳቤ ይመጣልሻል። አጭበርባሪ መስሎሽ እንዳትሰርዢው። በ15 ቀን ውስጥ ካልተረጋገጠ ዶሜይኑን ያግዱታል። ላኪው ዶሜይኑን የገዛሽበት ቤት መሆኑን እዪና አረጋግጪ።

ሐይቅ ዳር፦

ሮሃ ምን ልበልህ፣ አስደነገጥከኝ። አንድ ያልገባኝ ነገር፣ አሁን የተገዛ ዶሜይን በማን እጅ እንዳለ እንዴት ይታወቃል? የሌላ ዘመዳችን ሱቅ ድረ ገጽ አለው፣ እሱም "አንድ ልጅ ነው የያዘልኝ" ይላል።

ሮሃ፦

አይካን ራሱ የፍለጋ ገጽ አለው፣ ዶሜይኑን ስታስገቢ የትኛው ሬጂስትራር ጋ እንዳለና የሚያልቅበትን ቀን ያሳይሻል። የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ተሸፍኖ ነው የሚመጣው፣ ለደኅንነት ነው። ግን ሬጂስትራሩን ካወቃችሁ ልጁን "እዚያ ቤት አካውንት ከፍተናል፣ ወደዚያ ግፋልን" ማለት ትችላላችሁ። በአንድ ቤት ውስጥ ከአካውንት አካውንት ማስተላለፍ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ልጁ በእጃችሁ እያለ፣ ስልኩን እያነሳ እያለ አስጨርሱት።

ዳውዶ፦

የሁላችሁም ምክር ሸጋ ነው ግን አንድ ሰው ስለ ክፍያው አልነካም። ዋናው ጣጣ እሱ አይደል?

እዚህ ባንክ የተሰጠን የኤቲኤም ካርድ እነሱ ገጽ ላይ አይሠራም፣ አትድከሚ። የዶላር ሂሳብ ያለው ሰው ካርድ ከሌለሽ የቀረው ሁለት መንገድ ነው። አንዱ ውጭ ያለ ዘመድ ነው። ሌላው እዚህ አገር በብር ተቀብሎ ዶሜይን የሚገዛልሽ ሻጭ ነው፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ታስገቢለታለሽ።

ውጭ ያለ ዘመድ ካለሽ "ግዢልኝ" አትበያት። ይኼ ነው ሰው የሚሳሳተው። ዘመድሽ በራሷ አካውንት ትገዛውና የሮሃ ታሪክ በሌላ ሰው ይደገማል፣ ሰውየው ዓረብ አገር በመሄድ ፈንታ ዘመድሽ አሜሪካ ሆና ኢሜሏን ትቀይራለች። አካውንቱን አንቺ ክፈቺ፣ ከዚያ ባላንስ አስገቢልኝ በያት። ኔምቺፕም ፖርክበንም አካውንት ውስጥ ገንዘብ ቀድሞ ማስቀመጥ ይፈቅዳሉ። ማደሻው ከዚያ ይቆረጣል። የእሷ ካርድ ጊዜው ቢያልፍበት፣ ቢጠፋባት፣ ባንክ ብትቀይር አንቺን አይነካሽም። በካርድ ብቻ ታስሮ የተቀመጠ ራስ ሰር እድሳት ካርዱ የሞተ ቀን አብሮ ይሞታል።

የአገር ውስጥ ሻጭ ከሆነ አብዛኞቹ ራሳቸው ሬጂስትራር አይደሉም፣ የሌላውን ነው የሚሸጡት። ያ በራሱ ችግር የለውም። ግን ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂ፦ የማን ሬጂስትራር ነው የምትሸጡት? ሎጊን ይሰጠኛል ወይ? ዶሜይኑን ወደ ሌላ ሬጂስትራር ለመውሰድ የሚጠየቀውን የማዛወሪያ ኮድ ራሴ ማውጣት እችላለሁ ወይ? ሦስተኛው ላይ "ስትፈልጊ ጠይቂን እንሰጥሻለን" ካሉሽ ጥንቃቄ አድርጊ። ሻጩ ቢዘጋ እንኳ ሮሃ ባለው የፍለጋ ገጽ ዋናውን ሬጂስትራር አግኝተሽ ለእሱ መጻፍ ትችያለሽ፣ ግን ስምሽ ተመዝጋቢው ላይ ከሌለ ማን ይሰማሻል።

የማስጠነቅቅሽ፣ ቴሌግራም ላይ "በግማሽ ዋጋ ዶሜይን እንከፍልልዎታለን" የሚሉ አሉ። አንዳንዱ የሚከፍለው በተሰረቀ ካርድ ነው። ባለካርዱ ሲያውቅ ገንዘቡን ያስመልሳል፣ ሬጂስትራሩም አካውንቱን ይዘጋዋል፣ ዶሜይኑ ውስጥ እንዳለ።

ብሩን በተመለከተ፣ ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ሄዷል። ያኔ የአንድ ዓመት ዶሜይን የከፈልንበት ብር ዛሬ ግማሹንም አይገዛ። አቅም ካለሽ ረዘም አድርገሽ ዛሬ ክፈዪ ነው የምለው።

ጦሳ፦

ዳውዶ እውነቱን ነው፣ የቴሌግራሞቹን ነገር እኔም ሰምቻለሁ። የ1 ዶላሩን ግን አልተውኩትም ሃሃ።

መርሳ፦

ዘግይቼ መጣሁ። የተነገረውን ሁሉ አንብቤአለሁ፣ የሚጨመር አለኝ።

ፈረንጆቹ የሚጽፉትን የዶሜይን ምክር ብታነቡ "ማስታወሻ ኢሜል ይመጣልሃል፣ ያኔ ታድሳለህ" ይላል። እርግጥ ነው ይመጣል። በአይካን ደንብ ሬጂስትራሩ ሊያልቅ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው አንድ፣ ሳምንት ገደማ ሲቀረው አንድ፣ ካለቀ በኋላም በአምስት ቀን ውስጥ አንድ መላክ አለበት። ያ ሁሉ ኢሜል የሚጠቅመው ግን ኢሜሉን መክፈት ለሚችል ሰው ነው። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር በጦርነቱ ሰዓት ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ እኛም መርሳ ስልክም ኢንተርኔትም አልነበረንም። በ2015 ነሐሴ ደግሞ የክልሉ ሞባይል ዳታ ተቋርጦ ወራት ቆየ። ያኔ የሚያልቅ ዶሜይን የነበረው ሰው ማን ያድስለታል? እኔ የማውቀው አንድ ነጋዴ እንዲያ ሆኖ ነው ያጣው። ገንዘብ አልጠፋም፣ ሰው አልረሳም፣ መስመር አልነበረም።

ስለዚህ ወሎ ላይ ተቀምጦ የትኛው ሬጂስትራር ይታመናል ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ "እኔ ለሁለት ሦስት ወር ብጠፋ ዶሜይኔ ይቆየኛል ወይ" ብሎ ይጠይቅ።

ካለቀ በኋላ የሚሆነውን ልንገርሽ። ባለቀ ማግስት አይጠፋም። ዶት ኮም ላይ ሬጂስትራሩ እስከ 45 ቀን ሊይዝልሽ ይችላል፣ በዚያ ጊዜ ብዙዎቹ በመደበኛው ዋጋ ያድሱልሻል። ግን "ሊይዝልሽ ይችላል" ነው፣ ግዴታ የለበትም፣ ያሳጥረዋል፣ ስሙ ጥሩ ከሆነም ጨረታ ላይ የሚያወጡ አሉ። ከዚያ መዋጃ የሚባል 30 ቀን አለ፣ እዚያ ከገባሽ ከማደሻው ሌላ ቅጣት ይጨመራል፣ 80 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚጠይቁ አሉ። ከዚያ 5 ቀን ማንም አይነካውም። ከዚያ ይለቀቃል። የሚለቀቅበትን ሰከንድ ጠብቀው የሚነጥቁ ፕሮግራሞች አሉ፣ በእጅ አትቀድሚያቸውም።

ቢበዛ ቢበዛ 80 ቀን ነው ማለት ነው። እኛ ጋ ኔትወርክ ከ80 ቀን በላይ ጠፍቶ ያውቃል።

ስለዚህ ረዥም ዓመት ግዢ። እስከ 10 ዓመት ይፈቀዳል። 10 ባይሆን 5። ባላንስ ላይ የአንድ ማደሻ ገንዘብ ትርፍ ይቀመጥ፣ ራስ ሰር እድሳቱም ይብራ። ከወሎ ውጭ ያለ አንድ የምታምኚው ሰው፣ አዲስ አበባ ያለ ወንድም ይሁን ውጭ ያለች እህት፣ አካውንቱ ውስጥ መግባት ይቻለው።

ሁለተኛ ቁልፍ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን አብሪው፣ ግን በኤስኤምኤስ አታድርጊው። ኔትወርክ ሲጠፋ ኤስኤምኤሱም ይጠፋል፣ ሲምሽ ቢዘጋም እንዲሁ። ኔትወርክ ባይኖርም ስልክ ላይ ኮድ የሚያወጣ መተግበሪያ አለ፣ ኦተንቲኬተር የሚሉት፣ በእሱ አድርጊው። ያን ስታበሪ የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጡሻል። እነሱን ወረቀት ላይ አትመሽ የፔንሲዮኑ ንግድ ፈቃድና ካርታ ከተቀመጠበት አስቀምጪ። ስልክ ይሰረቃል፣ ካርታ የሚቀመጥበት ሣጥን ግን አይደፈርም።

ሌላ ትንሽ ነገር፣ ቀኑ በፈረንጅ ነው የሚጻፈው። ፌብሩዋሪ 3 2026 ማለት ጥር 26 2018 ነው። አንዳንዱ ገጽ ወሩን ያስቀድማል፣ አንዳንዱ ቀኑን፣ 03/02 ሲል ማርች 2 ይሁን ፌብሩዋሪ 3 አይታወቅም። በእኛ ቀን ለውጠሽ አጎትሽ ግድግዳ ላይ ያለው ካላንደር ላይ በቀይ ይከበብ።

የጁማ ጥላ፦

ስለ ዶት ኢቲ ጠይቀሽ ማንም አልመለሰልሽም። የሚይዘው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። በብር ነው የሚከፈለው፣ የዶላር ጣጣ የለበትም፣ ንግድ ፈቃድሽን ይዘሽ ሄደሽ ጠይቂ። ከደሴ ለቅዳሜ ለሚመጣው እንግዳ ዶት ኮምም ሆነ ዶት ኢቲ ያው ነው። የአገሬ ነው የሚል ኩራትም አለው።

ቦርከና፦

የጁማ ጥላ ልክ ነው፣ ክፋት የለውም። ሁለቱንም ቢይዙ ነው የምመርጠው፣ ዋናው ዶት ኮም ሆኖ ሌላው ወደዚያ እንዲመራ። የፈረንጅ እንግዳ እጁ የሚሄደው ወደ ዶት ኮም ነው። ደግሞ ዶት ኢቲ ላይ ሻጩ ካልተመቸሽ ወደ ሌላ ልሂድ የምትዪበት ገበያ የለም።

"የሚታመነው ማነው" ላልሽው፣ ልጄ፣ ትልቅ ስም ዋስትና አይደለም። ጉግል ራሱ ዶሜይን ይሸጥ ነበር፣ በፈረንጅ 2023 ደንበኞቹን ጠቅልሎ ስኩዌርስፔስ ለሚባል ድርጅት ሸጠ፣ ሰው ማታ በጉግል ተኝቶ ጠዋት ሌላ ቤት ነቃ። በፈረንጅ 2007 ደግሞ ሬጂስተርፍላይ የሚባል ቤት ተበላሽቶ አይካን ፈቃዱን ነጠቀው፣ ስንት ሰው ዶሜይኑን ለማትረፍ ተሯሯጠ። ከዚያ ወዲህ ሬጂስትራሮች የደንበኛውን መዝገብ ቅጂ በሦስተኛ ወገን እጅ እንዲያስቀምጡ ተደርጓል። ቤቱ ቢዘጋ አይካን ደንበኞቹን ወደ ሌላ ያዛውራል። ያ ቅጂ ላይ ግን የሚገኘው ተመዝጋቢ ተብሎ የተጻፈው ሰው ነው። አጎትሽ ካልተጻፈ የለም።

ሐይቅ ዳር፦

አላህ ይስጥልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለሁላችሁም እንደየእምነታችሁ። ጦሳንም ጨምሮ።

ከአጎቴ ጋር በስልክ አወራን። የሮሃን ታሪክ ሳነብለት ዝም አለ፣ ከዚያ "በስሜ ይሁን፣ አምስት ዓመት ይሁን" አለኝ። ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ባላንስ አስገባለሁ ብላለች፣ አካውንቱን እኔ በአጎቴ ስም እከፍታለሁ። የፒያሳውን ልጅም ነገርኩት፣ ቅር አላለውም፣ "ኔምሰርቨሩን ወደ እኔ ሆስቲንግ ከቀየርሽልኝ በቂ ነው" አለኝ። እሱን ሲለኝ የጋሼ ቦርከና ነገር ትዝ አለኝና ክላውድፍሌርን ትቼ ወደ ፖርክበን አመዘንኩ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ጋሼ፣ ኋላ ባይመቸኝ ወደ ሌላ ልወስደው እችላለሁ? የከፈልኩት አምስት ዓመትስ ይቃጠላል?

ቦርከና፦

አብሽሪ፣ አይቃጠልም። የቀረሽ ዓመት አብሮሽ ይሄዳል፣ ስታዛውሪ ደግሞ የአንድ ዓመት ከፍለሽ አንድ ዓመት ይጨመርልሻል። ጠቅላላው ከአሥር ዓመት እንዳይበልጥ ብቻ ነው። በገዛሽ በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ግን ማዛወር አይቻልም፣ ካዛወርሽም በኋላ እንደገና 60 ቀን ትጠብቂያለሽ። የተመዝጋቢውን ስም ስትቀይሪም ብዙዎቹ ለ60 ቀን ይቆልፉታል፣ ስለዚህ የአጎትሽን ስም ከመጀመሪያው በትክክል ጻፊው፣ እንደ መታወቂያው።

የማዛወሩ ሥራ ራሱ ከባድ አይደለም። አካውንቱ ውስጥ ቁልፍ የሚል አለ፣ እሱን ትከፍቺያለሽ። የማዛወሪያ ኮድ ታወጪያለሽ። አዲሱ ቤት ላይ ታስገቢና ትከፍያለሽ። አሮጌው ቤት ካልከለከለ በአምስት ቀን ገደማ ያልቃል። ገጹ በመሃል አይጠፋም፣ ኔምሰርቨሩን እስካልነካሽው ድረስ። በሌላው ጊዜ ቁልፉ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ኮዱንም ለማንም እንዳትሰጪ፣ ለፒያሳው ልጅም ቢሆን።

ዳውዶ፦

ለአክስትሽ ልጅ የምትነግሪያት፦ ባላንሱን በራሷ ካርድ፣ በራሷ ስም ታስገባ፣ ደረሰኙን ግን ወደ አንቺ ኢሜል ላኪልኝ በያት። አንድ ቀን ሬጂስትራሩ "ማን ነው የከፈለው" ቢል የምታሳዪው ይኖርሻል።

ሐይቅ ዳር፦

ገባኝ። ስሙ ገና እንዳልተያዘ ትናንት አይቻለሁ፣ ዛሬ ማታ መብራት ካለ እጨርሰዋለሁ።